በሲኒ መመገብ፦ ጨጓራ ካስቀነሱ በኋላ የደሴ ማጀት እንዴት ይሠራል?

እትዬ ክብደት ለመቀነስ ጨጓራዋን አስቀንሳ ደሴ በገባች በማግስቱ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን በጠያቂ ሞላ። አንዷ ጎረቤት ማርና ቅቤ የገባበት አጥሚት በፔርሙስ፣ አንዷ ገንፎ፣ ሌላዋ ሁለት ኪሎ ብርቱካንና ሚሪንዳ ይዘው መጡ። አክስታችን ከኮምቦልቻ ዶሮ አንጠልጥላ ነው የገባችው። በሩ ላይ እንደቆመች "ልጄን ምን አደረጓት! ብይ እንጂ፣ አፈር ስሆን ብይ!" አለች። እትዬ ያን ቀን ልትውጥ የምትችለው ፈሳሽ ብቻ ነበር፤ እሱንም በሲኒ፣ እያረፈች።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው በዋናነት ማጀት ለሚቆመው ሰው ነው። ታካሚዋ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ፣ ወረቀት ተሰጥቷት ነው የምትመጣው። የሚያበስለው፣ የሚያጎርሰውና "ኧረ በሞቴ" የሚለው ግን ምንም አልተነገረውም። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ሐኪሙ የሰጠው ወረቀትና ይህ ጽሑፍ ከተለያዩ ወረቀቱን ስሙ። ቀኖቹ ከሐኪም ሐኪም ትንሽ ይለያያሉ።

ጨጓራው ምን ሆነ?

ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምና በብዛት ይሠራል። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣና የቀረውን እንደ ሙዝ የጠበበ ቱቦ ያደርገዋል። ባይፓስ የሚባለው ደግሞ ከላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ከረጢት አስቀርቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛታል። በሁለቱም ውስጥ አዲስ ስፌት አለ። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ልቁጥ (ተፈጭቶ የላመ)፣ ከዚያ ለስላሳ እየተባለ በደረጃ የሚኬደው ያ ስፌት እስኪሽር ነው። "ትንሽ ብቀምስ ምን አለበት?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ይህን ከመርሳት ነው።

30 ሚሊ ሊትር ሲባል ለእኔም ምንም አልታየኝም ነበር። የቡና ሲኒያችንን አንስቼ በመርፌ መድኃኒት መስጫ ሲሪንጅ ውሃ እየሞላሁ ለካሁት፤ 70 ሚሊ ሊትር ያዘ። ግማሽ ሲኒ እንኳ አይሞላም ማለት ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህን ትቼ በሲኒ ነው የምሰፍረው። እናንተም የራሳችሁን ሲኒ ለኩት፤ ሲኒ ሁሉ እኩል አይደለም። ከሲኒው ሌላ የሻይ ማንኪያ፣ ጥሩ ወንፊት፣ ብሌንደርና አንድ ደብተር ካላችሁ ይበቃል።

አንደኛ፦ ፈሳሽ ብቻ (እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ)

የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ውሃና ጠርቶ የተጣራ መረቅ ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል እያለች ያልፋል። ቤት ስትመጣ ወተት፣ የቀጠነ እርጎና በደንብ የተጣራ ሾርባ ይጨመራል።

መረቁን ሥሩት እንዲህ፦ የአክስቴን ዶሮ (በከንቱ አልመጣም) ቆዳውን ገፍፌ፣ ከአንድ ቀይ ሽንኩርትና ከትንሽ ዝንጅብል ጋር ቀቀልኩት። በርበሬ የለም፣ ቅቤ የለም። አጣርቼ ፍሪጅ አሳደርኩትና ጠዋት ላይ የረጋውን ስብ በማንኪያ ገፈፍኩ። ከዚያ በየጊዜው አንድ ሲኒ እያሞቅኩ እሰጣታለሁ። ግን አትሳሳቱ፤ መረቅ ያረካል እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። የዚህን ጊዜ ፕሮቲን የሚሸከመው ወተት ነው። 200 ሚሊ ሊትር ወተት ወደ 6 ግራም ተኩል አለው፤ ስቡ የወጣለት የዱቄት ወተት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብታሟሙበት ወደ 11 ይጠጋል። ከጎረቤት የሚመጣ የላም ወተት ከሆነ አፍልታችሁ ብቻ። ከነጭራሹ ወተት የማይስማማት ከሆነ እርጎ ይሞከራል።

የቀኑ ግብ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ፈሳሽ ነው። በአንድ ጊዜ መጠጣት ስለማትችል ሥራው ቀኑን ሙሉ መጎንጨት ይሆናል። እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዱ ጥምን ያስረሳል፤ እትዬ ጋቢዋን ተከናንባ እስከ ቀትር አንድ ሲኒ ሳትጨርስ የቀረችባቸው ቀኖች ነበሩ። ውሃውን ለብ አድርጌ በፔርሙስ አጠገቧ ሳስቀምጥላት ተሻሻለ። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ሙቀቱ ያልባል፤ እዚያ ያለ ሰው ወደ 2 ሊትሩ ይጠጋ። መለኪያው ሽንት ነው፤ እንደ ጠላ ከጠቆረ ውሃ አንሷል።

ለስላሳ፣ አምቦ ውሃና ቢራ ጋዛቸው ጨጓራውን ይነፋዋል፤ አይጠጡም። በስትሮ መጠጣትም አየር ያስገባል። ብርዝ፣ ጁስና በማር የጣፈጠ አጥሚት ስኳር ናቸው። ስኳር በተለይ ባይፓስ የተሠራ ሰው ላይ ዳምፒንግ የሚባለውን ያመጣል፦ ምግቡ ወደ አንጀት በአንዴ ይወርድና ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይከተላል። አንዳንዱን ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የደሙ ስኳር ወርዶ ያንቀጠቅጠዋል። ስሊቭ የተሠራውም ቢሆን ከዚህ ሙሉ በሙሉ አያመልጥም።

አጥሚቱን ያመጣችውን ጎረቤትስ? ተቀበሏት፣ አመስግኗት፣ ፔርሙሱን ገልብጣችሁ ለቤተሰቡ አጠጡ። በሚቀጥለው "ያለ ስኳር፣ በወተት፣ ቀጠን አድርገሽ" በሏት። የእኛዋ እንደዚያ አድርጋ ነው የመጣችው።

ሁለተኛ፦ ልቁጥ (ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት)

እዚህ ላይ የወሎ ማጀት ይበልጣል እንጂ አያንስም። ውድ የውጭ የፕሮቲን ዱቄት ካልተገኘ ብለው የሚጨነቁ አሉ። ካላችሁ መልካም፤ ከሌላችሁ ነጭ ሽሮ አላችሁ።

እኔ የምሠራው የሽሮ ሙቅ ይሄ ነው። በርበሬ ያልገባበት ነጭ ሽሮ 30 ግራም፣ ማለትም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በቀዝቃዛ ውሃ እበጠብጣለሁ፤ በሙቅ ከበጠበጣችሁት ይጓጉላል፣ ጓጓላው ደግሞ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ጠላት ነው። ከሁለት ሲኒ ተኩል ውሃ ጋር እሳት ላይ ጥዶ እያማሰሉ 25 ደቂቃ ማንተክተክ ነው። ደቂቃውን አትቁረጡ። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሆነ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም፤ ያልበሰለ ሽሮ የደህናውን ሰው ሆድ እንኳ ይነፋል። ሲበስል 200 ሚሊ ሊትር የፈላ ወተት እጨምርና በወንፊት አሳልፈዋለሁ። ጨው በጣት ጫፍ። ሲቆጠር ወደ 12 ግራም ፕሮቲን ነው፤ ግን በአንድ ጊዜ አይበላም። አንድ ሲኒ አሁን፣ አንድ ሲኒ ከሁለት ሰዓት በኋላ እያለ ሦስት አራት ጊዜ ይደርሳል። የተረፈው ፍሪጅ ይገባል።

ምስር ክክ በጣም ተቀቅሎና ተፈጭቶ፣ አይብ በወተት ተለቁጦ፣ ዶሮ በመረቁ ተፈጭቶ ይሰጣል። አይብን አደራ። 100 ግራም አይብ ወደ 14 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ስቡ ደግሞ በቅቤ መልክ ቀድሞ ወጥቶለታል። ለዚህ ሰው የተሠራ ምግብ ነው የሚመስለው። ሰኞ ገበያ ስትገዙ ቀምሳችሁ ግዙ፣ የኮመጠጠው ያስቃጥላታል። ቤት አምጥታችሁ እንደገና አሙቁት።

ሦስተኛ፦ ለስላሳ ምግብ (ከአምስተኛው ሳምንት)

የተቀቀለ ወይም በጥቂት ዘይት የተፈረፈረ እንቁላል፣ ዓሳ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ወፈር ያለ ምስር፣ ድንች በትንሹ። ዓሳ ላይ ዕድለኞች ነን፤ ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቆሮሶ ይመጣል። እሾሁን አንድ በአንድ በጣታችሁ ፈትሹ እንጂ በዓይን አትመኑ። በእንፋሎት ወይም በቲማቲም ወጥ ይሠራ፤ በዘይት ሰጥሞ የተጠበሰው ይቅር።

ያጠፋሁት እዚህ ደረጃ ላይ ነው። አምስተኛው ሳምንት ላይ እትዬ "እንጀራ አማረኝ፣ ሽታው ብቻ" አለችኝ። አሳዘነችኝና በሽሮ ያራስኩት ፍርፍር አራት ጉርሻ አበላኋት። "ረጥቧል እኮ፣ ምን ይላል" ብዬ። አራተኛው ላይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አለ። አርባ ደቂቃ ያህል ነጭ አረፋ የመሰለ ምራቅ ስትተፋ ቆይታ ወጣላት። እንጀራና ትኩስ ዳቦ ከምራቅ ጋር ተቦክቶ እንደ ሊጥ ይያያዛል፤ መርጠቡ አይረዳም። ሩዝና መኮሮኒም እንደዚያው ናቸው። እንደዚህ ሲሆን ውሃ ጠጥቶ ለማውረድ መሞከር ይባስ ያደርገዋል። ቆማ ቀስ ብላ ትራመድ፣ ያልፋል። በቀጣዩ ቀን ወደ ፈሳሽ ተመልሳችሁ ጨጓራውን አሳርፉት።

አራተኛ፦ ወደ መሶቡ መመለስ (ከሁለት ወር በኋላ)

እዚህ ስትደርሱ የምግብ ዓይነቱ ከቤተሰቡ ጋር ይገናኛል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይገለበጣል። እኛ እንጀራውን ዘርግተን ወጥ በላዩ እንጨልፋለን፤ እሷ መጀመሪያ ሥጋውን፣ እንቁላሉን፣ ዓሳውን ወይም ምስሩን ትብላ፤ ቀጥሎ አትክልቱን፤ ቦታ ከተረፈ ብቻ መዳፍ የማትሞላ ቀጭን እንጀራ፣ ያውም የዋለች። በእንጀራ ከጀመረች ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ትጠግብና ፕሮቲኑ ሳህኑ ላይ ይቀራል። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ካልገባ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይበላል፤ ሚዛን ላይ ቁጥሩ ሲወርድ ደስ ብሎን ጉልበቷ ግን ይከዳታል።

ሦስተኛው ወር ላይ ደብተሬ ውስጥ ያለ አንድ ቀን ይህን ይመስላል። ጠዋት አንድ እንቁላል ፍርፍር ከሁለት ማንኪያ አይብ ጋር፣ 10 ግራም። ረፋድ ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ 6 ተኩል። ምሳ 60 ግራም ዓሳ ከጥቂት ካሮት ጋር፣ 15። ከሰዓት 100 ግራም እርጎ፣ 3 ተኩል። ማታ 50 ግራም የተፈጨ ሥጋ በምስር፣ 15። ከመተኛቷ በፊት የዱቄት ወተት የተጨመረበት ወተት፣ 11። ድምሩ 61 ይሆናል። ያን ቀን እንጀራ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር አልጠየቀችም።

አበላሉም ሥራ ነው። ቁራሹ ከአውራ ጣት ጥፍር አይብለጥ፤ እስኪላም፣ 20 እና 30 ጊዜ ይታኘክ፤ ማዕዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፍጅ። በምግብ መሃል ውሃ የለም፤ ከበላች በኋላም 30 ደቂቃ ትጠብቅ። የጥጋብ ምልክቱ ተቀይሯል፦ እትዬን አፍንጫዋ ፈሰስ ይላታል፣ ሌላውን ስቅታ ወይም ደረት ላይ ጫና ይይዘዋል። ምልክቱ ሲመጣ በእጇ የያዘችውን ጉርሻ እንኳ ትመልሰው። "ይቺን ጨርሻት" የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ይውጣ።

ጥብስና ቋንጣ ድርቀታቸው ያንቃል፤ ብዙ ቆይተው ይሞከሩ። ጥሬ ሥጋን ግን ደሴ ሆኜ መናገሩ ቢከብደኝም ይቅር እላለሁ፤ ኮሶው እንዳለ ሆኖ፣ ቁርጥ በ30 ማኘክም አይላምም። ጎመን ጭራሮው ወጥቶ በደቃቁ ተከትፎ ይሠራ። ቆሎና ለውዝ የሚያታልሉ ናቸው፤ ቡና ላይ እየቆረጠሙ ሲጫወቱ ሳይታወቅ የምሳ ያህል ካሎሪ ይገባል።

ቡናው ራሱ? የመጀመሪያውን ወር ይቅር። ከዚያ በኋላ ሐኪሟ ከፈቀደ አንድ ሲኒ፣ ያለ ስኳር፣ በባዶ ሆድ ሳይሆን። አቦሉን ጠጥታ ቶናና በረካው ላይ ለጨዋታ ትቀመጥ። ጫትንም ዝም ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ከጎኑ ለስላሳ አይጠፋም። መብላት ግዴታዋ በሆነበት ወቅት የምግብ ፍላጎት መዝጋት ማለት ፕሮቲኑን መሰረቅ ነው። አልኮልም ከበፊቱ በጣም ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል፤ አንድ ብርጭቆ ጠጅ እንደ ድሮው አይደለም።

ክኒኑ ከምግቡ እኩል ነው

ምግብ የቱንም ያህል ቢስተካከል ይህን ያህል ትንሽ ተበልቶ ቫይታሚኑ አይሟላም። ባይፓስ የተሠራ ሰው ደግሞ የበላውንም በሙሉ አይመጥም። መልቲቫይታሚን፣ ቢ12፣ ብረት፣ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይታዘዛሉ። ካልሲየም በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ነው፤ በአንዴ ሳይሆን ተከፋፍሎ። ፋርማሲ ስትገዙ "ካልሲየም ሲትሬት" በሉ፤ ካርቦኔት የሚባለው በደንብ ለመመጠጥ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ የእሷ አሲድ ደግሞ ቀንሷል። ካልሲየምና ብረት ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራራቁ። ብረትን በቡና ወይም በሻይ መዋጥ ገንዘቡን መጣል ነው።

ራስ ምታት ሲመጣ አይቡፕሮፊንና ዳይክሎፌናክ አይወሰዱም፣ ቁስል ያመጣሉ፤ በተለይ ባይፓስ ላይ። ፓራሲታሞል ይሻላል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክብደቱ ሲወርድ መጠኑ መስተካከል ስላለበት ሐኪሙ ጋ ቶሎ ቶሎ ይታይ። በመውለድ ዕድሜ ያለች ሴት ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንድታዘገይ ትመከራለች።

ሦስተኛው ሳምንት ግድም ሚዛኑ ቆሞ አልንቀሳቀስ ይላል። አብዛኛው ሰው ላይ ይደርሳል፣ በራሱ ይለቃል፤ ምግብ አትቀንሱባት። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ፀጉር ይረግፋል። እትዬ ማበጠሪያዋን አሳይታኝ አልቅሳለች። ፕሮቲኑና ብረቱ ካልጎደለ ተመልሶ ይበቅላል፤ የእሷም በቅሏል።

ጾም

የእኛ ሰፈር ግማሹ ረመዳንን፣ ግማሹ ሑዳዴን የሚጠብቅ ነው። በሁለቱም በኩል የታመመ ሰው ፈቃድ አለው፤ የነፍስ አባትን ወይም ሼኹን ጠይቁ፣ ሐኪሙንም። ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ መዋል ለመጀመሪያዎቹ ወራት አደገኛ ነው። ዓመቱ ካለፈ በኋላ የሚጾም ሰው በተምር ሲያፈጥር አንዷን ቀስ ብሎ፣ ከተቻለ ከወተት ጋር፤ ተምር ስኳር ነው። በሑዳዴ ደግሞ ወተትና እንቁላሉ ሲወጣ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራና አኩሪ አተር ካልተቆጠሩ 60 ግራም አይሞላም፤ ደብተሩን ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የምትፈልጉት።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል

ትኩሳት፣ የማይተው የሆድ ወይም የትከሻ ሕመም፣ ተቀምጣ እያለች በደቂቃ ከ120 በላይ የሚመታ ልብ፣ የአንድ እግር ባት ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ደም የቀላቀለ ወይም የጠቆረ ሰገራ፣ ለ24 ሰዓት ውሃ እንኳ አለመቆየት። ከነዚህ አንዱ ካለ "እስኪ እስከ ነገ" የሚባል የለም።

ብዙ ቀን ሲያስመልሳት ቆይታ እግሯ ከደነዘዘ፣ እያየች ሁለት ከታያት ወይም ስትራመድ ከተንገዳገደች ቢ1፣ ማለትም ታያሚን፣ አልቆባት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የቀዶ ሕክምናዋን ታሪክ ላያውቅ ስለሚችል ገና ስትገቡ "ጨጓራዋን አስቀንሳለች፣ ብዙ አስመልሷታል፣ ከግሉኮሱ በፊት ታያሚን ያስፈልጋት ይሆን?" ብላችሁ ጠይቁ። ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ መሰቀሉ አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። እኔ ይህን በአንድ ወረቀት ጽፌ፣ የቀዶ ሕክምናውን ዓይነትና ቀን ጨምሬ፣ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጌላታለሁ።

ድግስ

ከወረቀትም ከክኒንም የሚከብደው ይሄ ነው። ሰርግ ቤት ሳህን ባዶውን ይዞ መቀመጥ አይቻልም፣ ሞልቶ መመለስም ነውር ነው። እኛ ያገኘነው ዘዴ እቤት ፕሮቲኗን በልታ መሄድ፣ እዚያ ትንሽ ሳህን መያዝ፣ ከዶሮው አንድ ሥጋና ግማሽ እንቁላል አስጨልፋ ቀስ እያሉ ግማሽ ሰዓት መቆየት ነው። እጅና አፍ እየተንቀሳቀሰ እስከታየ ድረስ ማንም አይቆጥርም። "የሐኪም ትእዛዝ ነው" የሚለው ቃልም ከ"አልፈልግም" ይልቅ ይከበራል።

ጉርሻ ግን አይቀሬ ነው። ለአክስቴ "አጉርሻት፣ ግን ያለ እንጀራ፣ በጥፍር ልክ" ብዬ አሳይቻታለሁ። ባለፈው ሰርግ ላይ ከዶሮዋ ጫፍ ቆንጥራ፣ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ወደ እኔ ዞራ "ይቺ አሁን ጉርሻ ናት ክኒን?" አለችና አጎረሰቻት። እትዬ 30 ጊዜ እስክታኝካት ድረስ አጠገቧ ቆማ ትቆጥር ነበር።